ኮዳይካናል፦ ጉሙ፣ የሰይጣን ማድቤትና ባዜቃው

ማለዳ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ወጥታለች። ከፊታችሁ ገደል አለ፣ ገደሉ ደግሞ እስከ አፉ ጉም ሞልቶታል። ድንገት ጉሙ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ቆሞ ታያላችሁ። ራሱን እንደ ቅዱሳን ሥዕል ባለቀለም አክሊል ከቦታል። እጃችሁን ስታነሱ ያነሳል፣ ስታወርዱ ያወርዳል። አጠገባችሁ የቆመ ጓደኛችሁ ጥላችሁን ሊያይ ይችላል፣ አክሊሉን ግን በራሱ ጥላ ላይ እንጂ በእናንተ ላይ አያየውም። እናንተም የእሱን አታዩም። ሁሉም ሰው ቅዱስ ሆኖ የሚታየው ለራሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህ የሚታየው በሕንዷ የተራራ ከተማ በኮዳይካናል (ባጭሩ ኮዳይ)፣ ኮከርስ ዎክ በሚባል የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገደሉን ታክኮ ይሄዳል። በ1872 ያሠራው ኮከር የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጉሙ ላይ ያያችሁት ግዙፍ ሰው የራሳችሁ ጥላ ነው። አክሊሉን የሚሠሩት ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ የሚመልሱት ጥቃቅን የጉም ጠብታዎች ናቸው። ጀርመን አገር ባለ ተራራ ስም ብሮከን ስፔክተር ይሉታል። ሁልጊዜ አይታይም፤ ፀሐይዋም ጉሙም በየቦታቸው መገኘት አለባቸው።

ኮዳይ እንዲህ ናት። ሚስጥር የሚባለው ነገር ሞልቷል፣ አብዛኛው ግን ፍቺ አለው። ፍቺው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተረቱ ይበልጥ ይገርማል።

ከተማዋ ያለችው በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ፓላኒ በሚባሉት ተራሮች ላይ ነው። ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ አዲስ አበባም ከዚህ ከፍ ትላለች። ግን ታች ያለው ሜዳ በሚያዝያና በግንቦት በሙቀት ሲነድ፣ የጥቂት ሰዓት መንገድ ወጥቶ ሹራብ ደርቦ ሻይ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ ሂል ስቴሽን የተባሉት ከተሞች የተቆረቆሩት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ከሙቀትና ከወባ ለማምለጥ።

የኮዳይ ለየት የሚለው መሥራቾቿ እንግሊዞች አለመሆናቸው ነው። በርግጥ በ1821 ዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ መቶ አለቃ ተራሮቹን ለካርታ ሥራ ሲያስስ አልፎባታል። ቤት ሠርተው የገቡባት ግን ማዱራይ ከተማ ይሰብኩ የነበሩ አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ሙቀቱና በሽታው ሲፈጃቸው ወደ ላይ ሸሹ፣ በ1845 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች ሠሩ። የመኪና መንገድ እስኪወጣ ድረስ ፈረንጆቹ ዳገቱን የሚወጡት በፈረስ፣ ወይም ሰው በሚሸከመው ወንበር ነበር። ላባቸውን አፍስሰው የተሸከሟቸው ሰዎች ስም በየትኛውም መንገድ ላይ ተጽፎ አታገኙም፣ ኮከር ግን መንገድ አለው። በ1901 ለሚስዮናውያን ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ዛሬም አለ፣ ኮዳይካናል ኢንተርናሽናል ስኩል ይባላል።

ከተማዋ መሃል ያለው የኮከብ ቅርፅ ያለው ሐይቅም ሰው ሠራሽ ነው። በ1863 የማዱራይ አስተዳዳሪ የነበረው ሌቪንጅ ረግረጉን በግድብ ዘግቶ አስሞላው። ስፋቱ 24 ሄክታር ገደማ ሲሆን ዙሪያው አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጀልባ ይከራያል፣ ብስክሌት ይከራያል፣ ፈረስም አለ፣ የተቀቀለ በቆሎና ኦቾሎኒም አይጠፋም። ወደ ከተማዋ ስትወጡ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀር መንገድ ዳር ሲልቨር ካስኬድ የሚባል 55 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ ታገኛላችሁ። መኪናው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ውሃው ከዚሁ ሐይቅ የሚተርፈው ነው። ስለዚህ ፎቶ ተነሱበት እንጂ አትጠጡት።

ከሐይቁ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የፀሐይ መመልከቻው ጣቢያ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ሕንድን አስከፊ ድርቅ መትቶት ሕዝቡ በሚሊዮን አለቀ። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣኖቹ ዝናቡ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ጀመሩ፣ ምናልባት ፀሐይ ላይ ከሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ጋር ይያያዝ ይሆን አሉ። ጣቢያው በ1899 ኮዳይ ላይ በ2,343 ሜትር ከፍታ ተቋቋመ። የዝናቡ ነገር እንደታሰበው አልተፈታም። ግን በ1909 ጆን ኤቨርሼድ የተባለ እንግሊዛዊ እዚሁ ሆኖ በነጠብጣቦቹ ውስጥ ያለው ጋዝ ከመሃል ወደ ዳር እንደሚፈስ ደረሰበት። ዛሬም የዓለም ሳይንስ ኤቨርሼድ ኢፌክት ይለዋል። በመስታወት ሰሌዳ ላይ ተነስተው የተቀመጡት የፀሐይ ፎቶዎች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሚሸፍኑ የዘርፉ ሰዎች እንደ ወርቅ ነው የሚያዩዋቸው። በጉም የምትታወቅ ከተማ የፀሐይ መዝገብ ቤት መሆኗ የራሱ ቀልድ አለው።

አሁን ወደ ሰይጣኑ። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ፒላር ሮክስ የሚባሉ ሦስት የድንጋይ ዓምዶች አሉ፣ 122 ሜትር ገደማ ወደ ላይ የተገተሩ። በእነሱ መካከል ያለው ስንጥቅና ዋሻ ነው የሰይጣን ማድቤት የሚባለው። ከዋሻው የሚወጣው ጉም የምድጃ ጭስ ይመስላል። የአገሬው ሰው ደግሞ በሂንዱዎች ጥንታዊ ተረክ ከመንግሥታቸው የተሰደዱት አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች እዚያ ምግብ ያበስሉ ነበር ይላል። በ1991 ጉና የሚባል የታሚል ፊልም ተቀረጸበት። ከዚያ ወዲህ ሰይጣኑም ፓንዳቫዎቹም ተረሱና ሁሉም ሰው የጉና ዋሻ ይለው ጀመር።

ወደ ዋሻው ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ሥር ነው። የዛፎቹ ሥር ከአፈሩ በላይ ወጥቶ፣ ተጠላልፎ፣ እንደ እባብ ተጋድሞ መሬቱን ሞልቶታል። ቱሪስቱ በሙሉ እዚያ ላይ ፎቶ ይነሳል። ዋሻው ራሱ በአጥር የተዘጋ ነው። የተዘጋበት ምክንያት ደግሞ ተረት አይደለም፤ ውስጡ ጥልቅ ስንጥቆች አሉ፣ ገብተው የቀሩ ሰዎች አሉ። በቅጠልና በጭቃ የተሸፈነ ጉድጓድ ላይ እግር ካረፈ አለቀ።

በ2006 ከኬረላ ለሽርሽር የመጡ ጓደኛሞች አጥሩን አልፈው ገቡ። አንዱ ስንጥቁ ውስጥ ወደቀ። እዚያ ገብቶ የወጣ የለም ተባለ። ጓደኞቹ ግን አንሄድም አሉ። በመጨረሻ አንደኛው ራሱ በገመድ ወረደና ጓደኛውን በሕይወት ይዞት ወጣ። የሕንድ መንግሥት የነፍስ አድን ሜዳልያ ሰጥቶታል። ታሪኩ በ2024 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ዋሻው እንደገና ጎብኚ በጎብኚ ሆነ፣ አጥሩን መዝለል የሚያምረው ወጣትም አልጠፋ። ፊልሙ የሚያስጠነቅቀው ሌላ፣ ሰው የሰማው ሌላ!

ኩሪንጂ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ተራ ቁጥቋጦ ነው፣ ዝም ብላችሁ ብታዩት ዞር ብላችሁ አታዩትም። ግን የሚያብበው በ12 ዓመት አንዴ ነው፣ ያውም ሁሉም በአንድ ላይ፣ ተራራው ሰማያዊ ሐምራዊ እስኪሆን። አብቦ ዘር ጥሎ ይሞታል። በ2006 አበበ፣ በ2018 አበበ፣ ቀጣዩ 2030 ነው። በተራሮቹ የሚኖሩት ፓሊያን የሚባሉ ሕዝቦች ዕድሜያቸውን በአበባው ይቆጥሩ ነበር። አምስት ኩሪንጂ ያየ ሰው ሽማግሌ ነው። እንዴት ቆጥሮ በአንድ ላይ ያብባል ለሚለው አንዱ መላምት እንዲህ ነው፦ ሁሉም ባንዴ ዘር ከጣለ፣ ዘር የሚበሉት ነፍሳትና እንስሳት በልተው አይጨርሱትም፣ የተረፈው ይበቅላል።

በአበባው ስም የተሰየመ የኩሪንጂ አንዳቫር ቤተ መቅደስ አለ፣ ለሙሩጋን አምላክ የተሠራ። በ1936 ያሠራችው የሂንዱ እምነትን የተቀበለች ፈረንጅ ሴት ናት። ሰማዩ ሲጠራ ከግቢው ታች የፓላኒን ከተማ ታያላችሁ።

በተራሮቹ ታችኛው ወገብ ላይ፣ በታንዲኩዲና በፔቱፓራይ መንደሮች አካባቢ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ ቤቶች አሉ። አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሞ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ይከደንበታል። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ድንክ ሰዎች ይኖሩባቸው ነበር የሚል ወሬ አለ። የታሪክ አጥኚዎች ከቀብር ጋር ያያይዟቸዋል። አንዳንዶቹ ተሰባብረዋል፣ ሌሎቹ በቡና እርሻ መሃል ቆመዋል።

ከሁሉም የከበደው ሚስጥር ግን ፓላኒ ከተማ ያለው የሙሩጋን ምስል ነው። ቦጋር የሚባል ጥንታዊ ባሕታዊና መድኃኒት ቀማሚ ዘጠኝ መርዞችን አዋህዶ ቀረጸው ይባላል። እያንዳንዱ ለብቻው ይገድላል፣ በልኩ ሲዋሃዱ ግን መድኃኒት ይሆናሉ ነው እምነቱ። ስለዚህ ምስሉ ላይ የፈሰሰው ወተትና የተቀባው የሰንደል እንጨት ቅባት ፈውስ ነው ተብሎ ምእመኑ ይካፈለዋል፣ ልክ እንደ ጠበል። ነጭ ሽንኩርቷ በመላው ሕንድ ስም ያለው የፑምባራይ መንደርም የቦጋር ሥራ የሚባል ምስል አላት። ቀመሩን የሚያውቅ የለም። ከዘጠኙ አንዱ ሜርኩሪ፣ የድሮ ሰዎቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ እንደሆነ ግን ይነገራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ምክንያቱም ኮዳይ እውነተኛ የባዜቃ ታሪክ አላት፣ መድኃኒትነት የሌለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ የተነቀለ የቴርሞሜትር ፋብሪካ መጥቶ እዚያ ተተከለ፣ በኋላም በዩኒሊቨር የሕንድ ቅርንጫፍ እጅ ገባ። ሜርኩሪ ሽታ የለውም፣ ክፍል ውስጥ ሲተን አይታይም። የተሰበረው ቴርሞሜትር ለቆሻሻ ነጋዴ ይሸጥ ነበር። በ2001 ነዋሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከተማ ውስጥ በአንድ የቆሻሻ መጋዘን 7.4 ቶን ሜርኩሪ የነካው የመስታወት ስብርባሪ አገኙና ጉዱ ወጣ። ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2003 ሜርኩሪውና ስብርባሪው ተጭኖ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ኩባንያው ሥራው የሠራተኞቹን ጤና አልጎዳም ብሎ ዓመታት ተከራከረ፣ በ2016 ግን ከ591 የቀድሞ ሠራተኞች ጋር በስምምነት ጨረሰ። አፈሩን የማጽዳቱ ክርክር ከዚያም በኋላ ቀጠለ። ቦታው ያለው ፓምባር ከሚባለው ጥብቅ ደን በላይ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ወደ ታች ነው የሚያጥበው። ከተማዋ ስለ ሰይጣን ማድቤት ሲያወራ የሚውል አስጎብኚ ሞልቷታል፣ ወደዚህ አጥር የሚወስድ ግን የለም።

ደኑን ካነሳን አይቀር፣ ኮዳይ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ሽታ የባሕር ዛፍ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚያሸት እንጦጦ ነው። የእኛው በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ እንደመጣ ሁሉ የእነሱንም ያመጡት ፈረንጆች ናቸው፣ ለማገዶና ለእንጨት። ጥድም ተከሉ። ዛሬ ዘይቱ በየሱቁ በጠርሙስ ይሸጣል፣ ቤት ከሚሠራው ቸኮሌት ጎን። ጥድ ደኑም የፎቶ ቦታ ሆኗል። የአገሩ ተፈጥሮ ግን ሌላ ነው፦ ሜዳው ሣር፣ በየሸለቆው ደግሞ ሾላ የሚባል ድንክዬ ጥቅጥቅ ያለ ደን (ከእኛ ሾላ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የላቸውም)። ሣሩና ሾላው እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። መጤው ዛፍ ሲስፋፋ ሣሩ ጠፋ፣ ምንጮችም ደረቁ። በዚህ የእንጦጦ ሰፈር ሰው ለብቻው አይደለም።

ጸጥታ ለሚፈልግ ቤሪጃም ሐይቅ አለ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ በደን የተከበበ። ከደን ጥበቃው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይያዝ አይገባም፣ የመኪናውም ቁጥር የተወሰነ ነው። ከከተማው ሌላ ወገን ቫታካናል የሚባል መንደር አለ። ውትድርናቸውን የጨረሱ የእስራኤል ወጣቶች ስለሚያዘወትሩት ትንሿ እስራኤል ይሉታል፣ ምግብ ቤቱ ሻክሹካ ያቀርባል፣ አንዳንዱ ሜኑ በዕብራይስጥ ነው። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ከጦር ሠራዊት የወጣ የጎረቤት ልጅ ሕንድ ገባ ሲባል መቼም ሰምታችኋል፣ ከሚገቡባቸው ቦታዎች አንዷ ይቺ ናት። ከመንደሩ በእግር ወርዳችሁ ዶልፊንስ ኖዝ የሚባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ትደርሳላችሁ። ድንጋዩ ገደሉ ላይ ወደ ባዶው ተዘርግቷል፣ አጥር የለውም። ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግር ማንጠልጠል ፋሽን ነው፣ እኔ አልመክርም።

መሄድ ያሰበ ሰው ወይ ማዱራይ አርፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይወጣል፣ ወይ በባቡር ኮዳይ ሮድ ወርዶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ይጠማዘዛል። መኪና የሚያመው ሰው ሎሚ ይያዝ። ከ2024 ግንቦት ጀምሮ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በመኪና ለሚገባ ሰው ኢ-ፓስ የሚባል የመግቢያ ፈቃድ ግዴታ ሆኗል፣ በኦንላይን ይወጣል። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ደግሞ ይቀማል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማታ ከሆቴል ወጥታችሁ ጨለማው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ሲተነፍስ ብትሰሙ ጭራቅ አይደለም። የሕንድ ጎሽ ነው። በሬው ቶን ሊደፋ የሚደርስ አለ፣ ሣር ፍለጋ ከተማ መሃል፣ ሰው ግቢ ድረስ ይገባል። ነዋሪው ለምዶታል፣ በሩን ዘግቶ ሻዩን ይጠጣል። እናንተም ግጦ እስኪሄድ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ፍላሽ አብርታችሁ ፎቶ እንዳታነሱት ብቻ።