ሆም ፓርቲሽን ምንድን ነው?

ላፕቶፓችሁ ላይ ከሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች (ዲስትሮዎች) አንዱ የሆነው ኡቡንቱ አለ እንበል። ሌላው ዲስትሮ፣ ፌዶራ፣ አማራችሁ። ፍላሹ ተዘጋጅቷል፣ መጫን ብቻ ነው የቀረው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው እጁ ይያዛል። «ፋይሎቼስ?»

ሊኑክስ የእናንተን ነገር ከራሱ ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ ሩት ከሚባለው ሥር ናቸው። ሰነዱ፣ ፎቶው፣ የዴስክቶፑ ሴቲንግ ሳይቀር ደግሞ ሆም በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በዩዘር ስማችሁ ይቀመጣል። ዲስትሮ ስንቀይር መቀየር የምንፈልገው ሩቱን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ መሆናቸው ነው። ፎርማት ሲደረግ አብረው ይጠፋሉ።

ሆም ፓርቲሽን ማለት እንግዲህ ለሆም ብቻ ተከልሎ የተቀመጠ የዲስክ ክፍል ነው። 256 ጊጋ ዲስክ ካላችሁ፣ ለምሳሌ 50ውን ለሩት ሰጥታችሁ የቀረውን ለሆም መተው ትችላላችሁ።

አዲሱን ስትጭኑ አውቶማቲኩን ትታችሁ ፓርቲሽን በእጅ ወደሚመረጥበት ትገባላችሁ። ሩቱን ፎርማት ታደርጋላችሁ። የድሮውን ሆም ደግሞ አሁንም ሆም እንዲሆን ትመርጡና «ፎርማት» የምትለዋን ሳጥን ባዶ ትተዋላችሁ። ይህቺ ሳጥን ቀላል አትምሰላችሁ። እኔ አንዴ በጥድፊያ ቲክ አድርጌባት የሁለት ዓመት ፎቶ በልታኛለች። ባክአፕ? «ነገ አደርጋለሁ» ብዬ ነበር። ሆም መለየት የባክአፕ ምትክ አይደለም፤ ዲስኩ ያው አንድ ነው።

ዩዘር ስትፈጥሩ የድሮውን ስም ስጡ። ሊኑክስ ግን የፋይልን ባለቤት የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኡቡንቱም ፌዶራም ለመጀመሪያው ዩዘር 1000 ስለሚሰጡ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ላፕቶፑን ሁለት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ዩዘሮቹን በድሮው ቅደም ተከተል ፍጠሩ፤ አለዚያ የአንዱ ፋይል የሌላው ሆኖ ይገኛል።

ሁሉም ነገር ግን እንደነበረ አይጠብቃችሁም። የኡቡንቱ ፋየርፎክስ ስናፕ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ መንገድ ስለሚመጣ፣ ቡክማርኩን የሚያስቀምጠው ስናፕ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የፌዶራው ፋየርፎክስ እዚያ ገብቶ አይፈልግም። ከፍታችሁ ባዶ ስታገኙት አትደንግጡ፤ ሆም ውስጥ አለ፣ ፈልጎ ማዛወር ነው። ፕሮግራሞችም አብረው አይሻገሩም። ኡቡንቱ በአፕት፣ ፌዶራ በዲኤንኤፍ ነው የሚጭነው፤ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

እኔ ስሻገር፣ አውርጄ የጫንኳቸው የአማርኛ ፎንቶች ሆም ውስጥ ስለነበሩ ምንም አልሆኑም። የአማርኛ መጻፊያው ግን ፕሮግራም ነውና ከሩቱ ጋር ሄዷል። መጻፊያውን፣ ኤም17ኤንን፣ እንደገና እስክጭን ድረስ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ በላቲን ፊደል «ሰላም ነው?» ስል ዋልኩ።