ፍራንሴዚኛ፦ የፖርቶ ትኩስ ሳንዱች

ፍራንሴዚኛ የፖርቱጋሏ ፖርቶ ከተማ ምግብ ነው። ሳንዱች ይባል እንጂ ቢላና ሹካ ይፈልጋል፤ ውስጡ በሥጋ የታጨቀ፣ ላዩ ቺዝ የቀለጠበት፣ ዙሪያውን ትኩስ ሱጎ የከበበው ነገር በእጅ አይያዝም። ሊዝበን ውስጥም ይሸጣል። የፖርቶ ሰው ግን የሊዝበኑን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እውነቱን ነው።

የጀመረው ዳንኤል ዳ ሲልቫ የሚባል ሰው ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ፈረንሳይና ቤልጂየም ቆይቶ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አ ሬጋሌይራ በተባለ ምግብ ቤት ይሠራ ነበር፤ እዚያ ሆኖ የፈረንሳዮቹን ክሮክ ሞስዮ፣ ያን ካም የሚሉት የአሳማ ሥጋና ቺዝ ያለበትን ጥብስ ሳንዱች፣ ለፖርቶ ሰው አፍ በሚስማማ መንገድ ለወጠው። የናፖሊዮን ወታደሮች ናቸው ያመጡት የሚሉም አሉ። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1809 ፖርቶን መያዙ ልክ ነው፤ ሳንዱቹን ከዚያ ጋር ማያያዝ ግን ተረት ነው። ሳንዱቹ በኋላ ከአ ሬጋሌይራ ወደ ሌሎች የከተማው ምግብ ቤቶች ተዛመተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሁለት ወፍራም የቶስት ዳቦ መሀል ስቴክ፣ ካም፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ቋሊማና ሊንጉይሳ የሚሉት በጭስ የደረቀ ቋሊማ ይደረደራል። ላዩንና ጎኑን በስስ ቺዝ ያለብሱትና ኦቨን ይገባል። ቺዙ ሲቀልጥ ሱጎው ይፈስበታል፣ ቺፕስ በዙሪያው ይበተናል፤ የፈለገ ላዩ ላይ እንቁላል ጥብስ ያስጨምራል።

ዋናው ጨዋታ ግን ሱጎው ላይ ነው። ቲማቲም፣ ቢራ፣ የሥጋ መረቅና ፒሪፒሪ የሚሉት ቃሪያ አለበት፤ አንዳንዱ ፖርት ወይን፣ አንዳንዱ ብራንዲ ወይም ውስኪ ጠብ ያደርግበታል፣ ልኩን ግን ማንም አይናገርም። ለዚህ ነው ፖርቶ ውስጥ ካሉት ምግብ ቤቶች የካፌ ሳንቲያጎ ደንበኛና የቡፌቴ ፋዜ ደንበኛ የማይስማሙት። ማቃጠሉ ደግሞ ሚጥሚጣ የለመደን ሰው አያስደነግጥም። ሱጎው ከቀጠነ ዳቦው ይርሳል፣ ያኔ ምግቡ አበቃለት።

ከፖርቶ በስተሰሜን ባለችው ፖቮዋ ደ ቫርዚም ረዘም ባለ ዳቦ ይሠሩታል፤ እሱ በእጅ ይበላል።

የሚወራረደው በቀዝቃዛ ድራፍት ነው። አሁን አሁን ሥጋ የሌለበትም ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ቺዙ ስለማይቀር ጾመኛ ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ።