«መሐንዲስ ሻለቃ» ሰው ነው ወይስ ጦር?

ሰሞኑን ድሬ ከዚራ ዛፍ ሥር ቡና እየጠጣን አንድ ልጅ «አያቴ መሐንዲስ ሻለቃ ውስጥ ነበሩ» አለ። ጓደኛው ቶሎ ብሎ «ሻለቃ ውስጥ እንዴት ይገባል? ማዕረግ አይደል እንዴ?» አለው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ሻለቃ ሁለት ነገር ነው። ከሰው ስም በፊት ሲመጣ ከሻምበል በላይ ያለ መኮንን ነው። ለጦር ክፍል ሲነገር ግን በርካታ ሻምበሎችን የያዘ ጦር ማለት ነው። አዎ፣ ሻምበልም እንደዚሁ ማዕረግም ክፍልም ነው።

መሐንዲሱም ፎቅ የሚነድፈው አይደለም። የጦር መሐንዲስ ድልድይ ይሠራል፣ ሲታዘዝም ያፈርሳል፣ ምሽግ ይቆፍራል፣ ፈንጂ ይቀብራል፣ ያመክናል። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር የጅቡቲው ባቡር መስመር ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ተቋርጦ ነበር፤ በባቡር ለተቆረቆረች ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ከሥልጠናው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ፈንጂ ፍለጋው ነው። ወታደሩ በደረቱ ተኝቶ ቀጭን ዘንግ ወይም ሳንጃ ከመሬቱ ጋር ወደ 30 ዲግሪ እንዲሆን ያጋድልና አፈሩን ቀስ እያለ ይወጋል፣ ጥቂት ይጠጋል፣ እንደገና ይወጋል። ቀጥ አድርጎ ቢወጋ የፈንጂውን አናት ይጫነዋል፤ አጋድሎ ሲወጋ ግን የሚነካው ጎኑን ነው። ፀረ ታንክ ፈንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ በላይ ጫና ይፈልጋል፣ ለፀረ ሰው ግን የልጅ እርምጃም ይበቃዋል።

ስለዚህ ልጁ አልተሳሳተም። አያቱ ሃምሳ አለቃ ሆነውም መሐንዲስ ሻለቃ ውስጥ ሊያገለግሉ ይችላሉ።