የተክል ምግብ ከአፈር አይወጣም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ዞን በቡና ልማት የሚሠራ ባለሙያ ከመና ወረዳ እስከ ጎማ ወረዳ በየማሳው የሚሰማው አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም «ቡናዬ የደረቀው አፈሩ ምግብ ስለ ጨረሰ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት አርሶ አደሮች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ፤ ዩሪያን «የተክል ምግብ» እያሉ የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ መኖራቸው ግን ያሰለቻል።

ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ቅጠል ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥር ከላከለት ውሃ ጋር በፀሐይ ብርሃን ኃይል አዋህዶ ስኳር ይሠራል፤ ይህም ብርሃን አስተጻምሮ ይባላል። ከደረቀ ተክል ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ሲሆን፣ ይህ ካርቦን የተገኘው ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ከሚሆነው ጋዝ ነው። የብራስልስ ተወላጁ ኬሚስት ቫን ሄልሞንት በ90 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ አፈር ላይ አኻያ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ ቢያጠጣው፣ ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሲጨምር ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም እንኳ አልሞላም። ውጤቱ የታተመው በ1648 እ.ኤ.አ. ነው። እርሱ ሁሉንም ለውሃ ሰጥቶ አየርን ዘነጋ እንጂ፣ አፈር የዛፉ ቀለብ አለመሆኑን ግን በሚዛን አሳይቷል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከአፈር የግድ ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ጨው ወጥን ያጣፍጣል እንጂ ጨው በልቶ ያደረ ሰው የለም።

ከዚሁ ስሕተት የሚወለደውና በዓይኔ ያየሁት ጉዳት «ጥላ ዛፍ የቡናን ምግብ ይበላል» የሚለው ነው። አንድ የጎማ አርሶ አደር በዚህ እምነት ሰሳውንና ዋንዛውን ጨርሰው ቆረጡ፤ በተከታዩ ዓመት ቡናው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ስላፈራ አትቁረጡ ያልኩት የእኔ ምክር ከንቱ መሰለ። ይሁን እንጂ ፍሬ የሚያድገው ቅጠል በሠራው ስኳር ነው፤ ቡና ደግሞ የበዛበትን ፍሬ በቀላሉ አያራግፍም። ስለዚህ ቅጠሉ ሊመግብ ከሚችለው በላይ የተሸከመው ቡና በቅርንጫፍና በሥር ያከማቸውን ስታርች (ከስኳር የተሠራ ስንቁን) አሟጦ ከጫፉ መድረቅ ጀመረ፤ እርሳቸውም ዩሪያ ፍለጋ ወጡ። ዩሪያ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ያግዛል እንጂ የደረቀ ቅርንጫፍ አያስነሣም። ቡና በደን ጥላ ሥር የኖረ ተክል በመሆኑ ብርሃን ስለ በዛለት የቅጠሉ ሥራ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ እንዲያውም በቀትር ሙቀት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መግቢያው ይጠባል። ጥላው ከመጠን በላይ ከጠቆረ ቅርንጫፉን ማሳሳት ይበቃል፤ ያረጀው ቡና ደግሞ ጉንደላ (ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ) እንጂ ከረጢት ማዳበሪያ አያድሰውም።

«ሥር ውሃን ወደ ላይ ይገፋል» የሚለውም በአብዛኛው ትክክል አይደለም። ከቅጠል የሚተነው ውሃ ከበታቹ ያለውን እየሳበ ያወጣዋል፤ የሚያልፍባቸው ቱቦዎችም ሕይወት የሌላቸው ሕዋሳት ናቸው። ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ በጠራራ ፀሐይ ተተክሎ ውሃ እየጠጣም የሚጠወልገው ቅጠሉ የሚያተነውን ያህል ሥሩ መተካት ስለማይችል ነውና፣ ችግኝ በደመናማ ቀን ወይም ወደ ማታ ይተከል፣ ዳስም ይሠራለት።

በመኝታ ቤት ያለ ተክል ሌሊት አየር ጨርሶ ሰው ይገድላል የሚሉም አሉ፤ አብሮ የተኛው ሰው ከተክሉ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይወስዳል።

በመጨረሻም ቅርፊት ለዛፍ ልብስ ብቻ አይደለም። ስኳር ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ስለሆነ፣ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ውሃ በእንጨቱ በኩል እየደረሰው ለወራት ለምልሞ ሊታይ ይችላል፤ ሥሩ ግን በረሃብ እየሞተ ነው። ለአጥር ብለው በጥላ ዛፍ ግንድ ላይ ዙሪያውን ሽቦ ያጠበቁ ሰዎች፣ ዛፉ ወፍሮ ሽቦው ቅርፊቱን ሳይቆርጠው ይፍቱት።