ስለ መሪ ስሜት፣ ስለ ጎማና ስለ አላይመንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ፣ መሪው ሲላላ ወይም ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሃል አልመለስ ሲል አሽከርካሪው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አላይመንት አሠራው» (የጎማዎቹን ማዕዘን አስተካክል) የሚል ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ያዛባል። በእጅ የሚሰማው ነገር ሁሉ የሚነሣው ጎማው አስፋልቱን ከሚነካበት፣ ስፋቱ ከአንድ የእጅ መዳፍ ብዙም ከማይበልጥ ቦታ ነው፤ አላይመንት የሚያደርገው ያ ቦታ በተገቢው አቅጣጫና ዝንባሌ መሬት እንዲይዝ ማስቻል ብቻ ነው። ስለዚህ ንፋሱና ጎማው ሳይታዩ፣ የላላ ክፍል መኖር አለመኖሩም ሳይፈተሽ ለአላይመንት የሚከፈል ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ያለ ውጤት ይቀራል። ቀጥሎ የቀረቡት በአዲስ አበባ ጎሚስታ ቤቶችና ጋራዦች በብዛት የሚሰሙ፣ በተለይም የቪትዝና የኮሮላ ባለቤቶችን ለወጪ የሚዳርጉ አመለካከቶች ናቸው።

«ጥሩ መሪ ማለት ቀላል መሪ ነው»

ሌላው ወገን ደግሞ ከባድ መሪ ጥሩ ነው ይላል፤ ሁለቱም ስተዋል። ቁም ነገሩ ያለው ክብደቱ በምን ሁኔታ እየጨመረና እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው። መሪው ሲዞር ጎማው በሚያመለክትበት አቅጣጫና መኪናው በእርግጥ በሚሄድበት አቅጣጫ መካከል ትንሽ የማዕዘን ልዩነት ይፈጠራል። ላስቲኩ መሬት በሚነካበት ቦታ ከፊት በኩል ገና መለጠጥ የጀመረ ሲሆን ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ስለሚለጠጥ፣ መኪናውን የሚያጥፈው የጎን ኃይል የሚያርፈው ከመሃሉ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ይህ ትንሽ ርቀት ጎማውን ወደ ቀጥታ ለመመለስ የሚገፋ ጉልበት ይፈጥራል፤ ጉልበቱም በመሪው ዘንጎች አልፎ ወደ እጅ ይደርሳል። ጎማው ወደ መያዝ አቅሙ ጫፍ ሲቃረብ መጀመሪያ መንሸራተት የሚጀምረው የኋለኛው ክፍል ስለሆነ፣ ኃይሉ የሚያርፍበት ነጥብ ወደ ፊት ይመጣና መኪናው ገና ሳይንሸራተት መሪው ቀለል ይላል። በክረምት ዝናብ አስፋልቱ ላይ ዘይትና ጭቃ ሲቀላቀል አሽከርካሪውን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ይህ መቅለል ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ላይ መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን መልእክት ሊያደበዝዘው ይችላል እንጂ ከጎማው ያልመጣውን ከራሱ አይፈጥርም።

«ንፋስ በዛ ሲል መሪው ይቀላል፣ ጎማውም ይቆያል»

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው። ለመኪናው የሚስማማው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ንፋስ ሲበዛ መሪው የሚቀለው መሬት የሚነካው ቦታ ስለሚያጥር ነው፤ ከመቅለሉ ጋር ከላይ የተገለጸው መልእክትም ይቀንሳል፣ የጎማው መሃል ቀድሞ ያልቃል፣ በኮብልስቶን ላይም መኪናው ይነጥራል። ንፋስ ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን ስለሚተጣጠፍ መሪው ለመታዘዝ ይዘገያል፤ በአንድ ጎን ብቻ ካነሰም መኪናው ወደዚያው ጎን ይስባል።

ወደ ቆላ ሲወረድ ንፋስ መቀነስ አለበት የሚለው ልማድ የዚሁ አመለካከት ሌላ መልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የተሞላ ጎማ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ፣ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር በ2 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። በአንጻሩ የአየሩ ሙቀት ከ15 ወደ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያድግ ቁጥሩ ከ2 ተኩል ፒኤስአይ በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይጨምራል። ሁለቱ ሊጣፉ ትንሽ ይቀራቸዋል። ጎማው በጉዞ ምክንያት በመሞቁ የሚጨምረውን ግፊት ደግሞ አምራቹ አስቀድሞ ያሰበበት ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ከሞቀ ጎማ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሰው ጎማው ይበልጥ እንዲተጣጠፍና ይበልጥ እንዲሞቅ ያደርገዋል፤ ይኸውም ከፈራው አደጋ ጋር የሚያቀራርበው ሥራ ነው።

«መኪናው ከሳበ አላይመንቱ ተበላሽቷል»

በአላይመንት ከሚስተካከሉት ማዕዘኖች ዋነኛው ቶ የሚባለው፣ የፊት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ይህ ማዕዘን ሲበላሽ ጎማ በፍጥነት ይበላል፤ ጥርሱ በእጅ ሲዳሰስ ወደ አንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ ወደ ሌላው ሸካራ ይሆናል፤ መሪውም ጠማማ ሊቆም ይችላል። ነገር ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች በጉዞ ላይ ስህተቱን እኩል ስለሚካፈሉት የፊት ቶ ብቻውን መኪናውን ወደ አንድ ጎን አይስብም። የሚስበው በግራና በቀኝ መካከል የካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የማዘንበሉ) ወይም የካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የማዘንበሉ) ልዩነት ሲኖር፣ አንዱ ፍሬን ሳይለቅ ሲቀር፣ ወይም ጎማው ራሱ ሲሠራ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ የሾጠጠ ሆኖ ሲወጣ ነው።

የመጨረሻውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ ይለዋወጡና መኪናው በተመሳሳይ መንገድ ላይ ይነዳ፤ ስበቱ ጎን ከለወጠ ችግሩ የጎማው ነው። ጎማው በጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ካለው ግን ልውውጡ በዚያው ጎን ከፊት ወደ ኋላ መሆን አለበት። የመንገዱም ሁኔታ መዘንጋት የለበትም፤ አስፋልት ውኃ እንዲያወርድ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር መኪና በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ጤነኛ ነው።

«መሪው ከተንቀጠቀጠ አላይመንት ያስፈልገዋል»

በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚመጣና ከዚያ ሲያልፉ የሚቀንስ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የባላንስ ጉድለት (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን)፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ጎማ ምልክት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዲስኩ ይታይ።

«መሪው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የአላይመንት ማሽኑ ስክሪንም አረንጓዴ ካሳየ አላይመንቱ ተሠርቷል»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። አንዳንድ ባለሙያዎች ጠማማ የቆመን መሪ ለማቅናት መሪውን ከዘንጉ ነቅለው በሌላ ጥርስ ላይ መልሰው ይገጥሙታል። ደንበኛው መሪው ቀጥ ብሎ ስላየው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሆኖም የመሪው ማርሽ ከመሃሉ ስለወጣ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚዞርበት ስፋት ከሌላው ያንሳል፣ የመሪ ማዕዘን የሚያነብ ሴንሰር ባላቸው መኪኖች ላይም ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መረጃ ይደርሰዋል። ትክክለኛው አሠራር መሪውን መሃል ላይ አስሮ የግራና የቀኝ ዘንጎችን በየራሳቸው ማስተካከል ነው።

አረንጓዴው ቀለም የሚናገረው እያንዳንዱ ማዕዘን አምራቹ በፈቀደው ክልል ውስጥ መሆኑን ነው። የግራው ካስተር በክልሉ ታች ጠርዝ፣ የቀኙ በላይኛው ጠርዝ ላይ ቢሆኑ ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናው ግን ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይስባል። በመሆኑም ደንበኛው ከሥራው በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች የያዘ ወረቀት መጠየቅና የሁለቱን ጎኖች ልዩነት መመልከት ይገባዋል። የኋላ ጎማዎችም መለካት አለባቸው፤ የኋላዎቹ ወደ አንድ ወገን ከዞሩ የፊቱ ምንም ያህል ቢስተካከል መኪናው ገላውን አጣሞ ይሄዳል። 110 የሚባለው ኮሮላ የኋላ ቶው ይስተካከላል፤ ቪትዝ ግን ከኋላ አንድ ወጥ ተሸካሚ ስላለው በቡሎን የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ተጣሞ ከተገኘ ምክንያቱ ግጭት ወይም ከባድ ጉድጓድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ጠርዙ ተይዞ ይወዝወዝ፤ ከተንቋቋ ብዙውን ጊዜ ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ) አልቋል። ላይና ታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) ወይም የታችኛው መጋጠሚያ ይመርመር። የላላ ክፍል ባለበት መኪና ላይ የተስተካከለ ማዕዘን ከጋራዡ በር ሳያልፍ ይለወጣል።

«ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ መሪውን ያሻሽላሉ»

ከፊል እውነት አለው። 175/65አር14 የሆነ ጎማ (ስፋቱ 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎን ቁመቱ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች) የጎን ቁመቱ ወደ 114 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ185/55አር15 ሲተካ ጠቅላላ ዙሪያው ሳይለወጥ ማለት ይቻላል፣ የጎን ቁመቱ ወደ 102 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አጭር ጎን ያነሰ ስለሚተጣጠፍ መሪው ቶሎ ይታዘዛል። ዋጋው ደግሞ ጉድጓድ ላይ ቸርኬ መጣመምና ጎማው በጎኑ ማበጥ ነው፤ በከተማችን መንገዶች ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ስፋቱ ብቻ ሲጨመር ግን ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። 195 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የተለመዱ ጎማዎች ብዙዎቹ ቢያንስ 5 ተኩል ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋሉ፤ በ5 ኢንች ላይ ሲገጠሙ ጎናቸው ስለሚያብጥ መሪው ከበፊቱ ይልቅ ይደነዝዛል። ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬም ጎማውን መሪው ከሚዞርበት ዘንግ ስለሚያርቀው እያንዳንዱ ጉድጓድና እያንዳንዱ የፍሬን አያያዝ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል።

«መኪናን ከፍ ማድረግ መሪውን አይነካም»

በሞላ ላይ ቁራጭ ጨምሮ መኪናን ማስነሣት የተለመደ ነው። ቁመቱ ሲለወጥ የመሪ ዘንጎቹና ጎማውን ከታች የሚይዘው እጅ የሚቆሙበት ማዕዘን ስለሚለወጥ ቶውና ካምበሩ ወዲያውኑ ይዛባሉ፤ ስለዚህ ከዚህ ሥራ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር ግን በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚስተካከልበት ቡሎን የለውም፤ ከተዛባ መፈለግ ያለበት የተጣመመ ወይም ጎሚኒው (የላስቲክ መጋጠሚያው) ያለቀ ክፍል ነው።

«ሁለት አዲስ ጎማ ከተገዛ ከፊት ይገጠም»

ሞተሩም መሪውም ከፊት ስለሆነ አዲሱ ከፊት ይሁን የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን የፊት ጎማ መያዝ ሲያቅተው መሪው አስቀድሞ ይናገራል፤ የኋላው ሲለቅ ግን በመሪው በኩል ማስጠንቀቂያ አይመጣም፣ አሽከርካሪው የሚያውቀው መኪናው መዞር ሲጀምር ነው። ስለዚህ የተሻለው ጥርስ ከኋላ ይሁን፤ የቀድሞዎቹ የኋላ ጎማዎች ደግሞ በቂ ጥርስ ካላቸው ወደ ፊት ይምጡ። ጥልቅ ጥርስ ያለው አዲስ ጎማ እስኪላመድ ድረስ ለመሪ ለስለስ ስለሚል፣ ትንሽ ያለቀ ጎማ ከፊት ሲሆን መሪው በደረቅ መንገድ ይበልጥ ንቁ ይመስላል። ይህ ንቃት ግን በዝናብ አይሠራም፤ ጥርሱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር የወረደ ጎማ ውኃ የሚያስወጣበት በቂ ቦይ ስለሌለው ከፊትም ከኋላም ቦታ የለውም።