ሁሉም በረሃ አሸዋ አይደለም፦ ስለ በረሃ አገሮች ድሬ ላይ የምንሰማቸው ስህተቶች

ድሬ ውስጥ ስለ በረሃ አላውቅም የሚል ሰው የለም። ከሳዑዲ የተመለሰው ያየውን ያወራል። ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር የራሱን ይጨምርበታል። የቀረው ፊልም ላይ ያየውን ይቀላቅላል። በርጫው ሞቅ ሲል ሰሃራም፣ ጎቢም፣ አውስትራሊያም አንድ ቢጫ አሸዋ ሆነው ያርፋሉ። ከወሬው እውነት አይጠፋም፤ ግን ደጋግመው የሚነሱ ስህተቶችም አሉ።

«ድሬ ራሷ በረሃ ናት»

አቦ፣ እዚህ ላይ የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ። «የበረሃዋ ንግሥት» እያልን ስንጠራት ኖረናል። ነገር ግን በረሃ የሚባለው በጥቅሉ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ የሚያገኝ ቦታ ነው። ድሬ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ በበልግም በክረምትም ይዘንብላታል። ካይሮ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘውን ዝናብ ድሬ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ልትጨርሰው ትችላለች። ስለዚህ ከተማችን ከፊል ደረቅ ቆላ ናት። የሚያሳስተን ሙቀቱ ነው። በረሃን የሚለየው ግን የውሃ እጦቱ ነው።

«በረሃ ማለት አሸዋ ነው»

ይሄ ከሁሉም የገነነው ስህተት ነው። ሰሃራ 9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከዚህ ውስጥ አሸዋ የሸፈነው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። የቀረው የጠጠር ሜዳ፣ ነፋስ አፈሩን ጠርጎ የወሰደው ድንጋያማ አምባ፣ የደረቀ ወንዝና ተራራ ነው። አልጄሪያን እንውሰድ። በስፋት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ ከመሬቷ ከ80 በመቶ በላዩ ሰሃራ ነው። ደቡቧ ላይ ግን የሆጋር ተራሮች ተኮልኩለዋል። ከፍተኛው ጫፍ ታሃት ከ2,900 ሜትር ይበልጣል። ቻድ ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ኤሚ ኩሲ ደግሞ 3,415 ሜትር ነው። ከሐረርጌው ጋራ ሙለታ ጋር ቁመት ይለካካል ማለት ነው፣ ያውም በሰሃራ መሃል።

እውነተኛ የአሸዋ ባሕር ያለው ዐረቦቹ ጋ ነው። ሩብ አል ኻሊ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ያልፋል። ሳዑዲ፣ ኦማን፣ የመንና ኤምሬቶች ይጋሩታል። ግን ሳዑዲም እሱ ብቻ አይደለችም። ከጂዳ ወደ ጣኢፍ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከባሕር ዳርቻው ወበቅ ተነስቶ ጠመዝማዛውን ሲወጣ አየሩ ይቀየራል፣ ልክ ከድሬ በደንገጎ ወደ ሐረማያ ስንወጣ መስኮት እንደምንዘጋው። ወደ ደቡብ፣ ወደ አሲር፣ የጥድ ደንና ጭጋግ አለ፤ እርከን የተሠራባቸው ማሳዎችም አሉ።

እዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ከመኪና ምግብ የሚጠብቀው ዝንጀሮ ደግሞ የኛው ዘመድ ነው። ሐማድራያስ ይባላል። ከአፍሪካ ቀንድና ከአካባቢው ውጪ በተፈጥሮ የሚገኘው ዐረብ ልሳነ ምድር ላይ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐማድራያስን ያጠናው እዚሁ ኤረር ጎታ አካባቢ ነው። ወንዱ ትከሻው ላይ ካባ የደረበ የሚያስመስል አመድማ ጸጉር አለው። ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል። አንዷ ራቅ ካለች መጀመሪያ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ያፈጥባታል። ካልገባት ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል። እሷም ከኋላው ትከተላለች። ሲመሽ መንጋው በሙሉ ገደል ላይ ወጥቶ ያድራል። ገደል ካለ፣ ውሃም ብዙ ካልራቀ፣ ጣኢፍም ሆነ ኤረር ለሱ ያው ነው።

አውስትራሊያ ጋ ስንደርስ መልኩ ሌላ ነው። የሲምፕሰን በረሃ አሸዋ ቀይ ነው፤ እያንዳንዱን ቅንጣት የብረት ዝገት ሸፍኖታል። ክምሮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው አንዳንዶቹ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። ሣርና ቁጥቋጦ ስለያዛቸው ባዶ የአሸዋ ተራራ ጠብቆ የሄደ ሰው ቅር ይለዋል። የሞንጎሊያ ጎቢ በአብዛኛው ጠጠርና አለት ነው።

«በረሃ ሁሌም ያቃጥላል»

በስፋት የዓለም አንደኛው በረሃ አንታርክቲካ ነው። በረዶ ነው፣ ግን ዝናብም በረዶም በጣም ጥቂት ነው የሚወርድበት። ጎቢ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል። አልጄሪያ ውስጥ የሰሃራ በር የምትባለው አይን ሰፍራ በ2016 እና በ2018 (እ.ኤ.አ.) በረዶ ወርዶባት የአሸዋው ክምር ነጭ ለብሶ ታይቷል።

ከሙቀት ሳንወጣ፣ «የዓለም ሪከርድ የሊቢያ ነው፣ 58 ዲግሪ» የሚል አሁንም አይጠፋም። በ1922 (እ.ኤ.አ.) አል አዚዚያ ላይ ተለካ የተባለውን ያን ቁጥር የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2012 ሰርዞታል። የንባብ ስህተት ሳይኖርበት አልቀረም ተብሎ ነው። አሁን ሪከርዱ የአሜሪካው ዴዝ ቫሊ ነው፣ 56.7 ዲግሪ፣ 1913። የኛው ዳሎል ግን በሌላ መለኪያ ይታወቃል። ከ1960 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) በተያዘው መዝገብ ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ሳይባል የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሰው በኖረበት ቦታ እንዲህ ያለ አማካይ አልተመዘገበም።

«ማታማ በረሃ ይበርዳል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሲሆን መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ቶሎ ትለቃለች። ባሕር ዳር ግን እርጥበቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ጂዳና ጅቡቲ በሐምሌ ያደረን ሰው ጠይቁት።

«በረሃ ላይ ጎርፍ አያሰጋም»

ለድሬ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ በዋናነት የወረደው ከላይ፣ ጋራው ላይ ነው። እጽዋት የሳሳበት ደረቅ መሬት ውሃ ቶሎ አይመጥም። ተዳፋቱ ሁሉ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ይገለብጠዋል። በጋውን ሙሉ አሸዋ የሚዛቅበት፣ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ወንዝ በደቂቃዎች ይቀየራል። ጂዳም በኅዳር 2009 (እ.ኤ.አ.) በሰዓታት ዝናብ ከ100 በላይ ሰው አጥታለች። በረሃ አገር ዝናቡ ጥቂት ነው፤ የመጣ ዕለት ግን ባንዴ ነው የሚመጣው።

«ግመል ሻኛው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል»

ሻኛው ስብ ነው። ግመል ሲያርዱ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ወሬው አልሞተም። ውሃ የምትቆጥበው በሌላ መንገድ ነው። የሰውነቷ ሙቀት ከ34 እስከ 41 ዲግሪ ቢዋዥቅ ስለምትችለው ለማላብ አትቸኩልም። ውሃ ስታገኝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ትጠጣለች።

«ካክተስ የሌለበት በረሃ የለም»

የካክተስ ዘሮች አገራቸው ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚህ ጋራው ላይ የምናየው ረጅሙ ቁልቋል ካክተስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ካክተስ እንዲህ ያለ ወተት የለውም። በጋሪ ተጭኖ፣ እሾሁ ተጠርጎ የሚሸጥልን በለስ ግን እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ።

ይሄው የበለስ ዘር አውስትራሊያ ላይ ጉድ ሠርቷል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 24 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ወርሮ ገበሬውን ከቤቱ አፈናቅሎ ነበር። በመጨረሻ ከአርጀንቲና አንዲት የእሳት እራት አመጡ። እጮቿ በለሱን ከውስጥ ቦርቡረው በጥቂት ዓመታት ጨረሱት። ኩዊንስላንድ ውስጥ ለዚያች የእሳት እራት መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶላታል፣ ቀልድ አይደለም። በአፋርና በድሬ ዙሪያ ያለውን ፕሮሶፒስ የተባለ ወራሪ ዛፍ ላየ ሰው ይህ ታሪክ ያስቀናል። እሱም ከአሜሪካ ነው የመጣው፤ እስካሁን ግን እንዲህ የሚያጠፋለት አልተገኘም።

«ሰሃራ ከጥንትም በረሃ ነበር»

ከ11,000 እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቅና የሣር ሜዳ ነበረበት። የምድር ዘንግ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይዞራል። ያኔ በሰሜኑ የሙቀት ወራት ፀሐይ ስለበረታች የዝናቡ ነፋስ ወደ ሰሜን ዘልቆ ይገባ ነበር። የአልጄሪያው ታሲሊ ናጀር ዋሻዎች ላይ ከብት፣ ቀጭኔና ጉማሬ ተስሏል። የከብቱን ሥዕል ለማየትስ ድሬም አላነሰች፣ የለጋ ኦዳ ዋሻ አለላት።

«የበረሃ እንስሳ ግመልና እባብ ነው»

ቻድ ውስጥ፣ ኤነዲ አምባ ላይ፣ ጓልታ ዳርሼ የሚባል በገደል የተከበበ ኩሬ አለ። ከብት ጠባቂዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ውሃው በግመል ፋንድያ ጠቁሯል። ፋንድያው አልጌውን ይመግባል፣ አልጌውን ዓሣ ይበላዋል፣ ዓሣውን ደግሞ አዞ። አዎ፣ አዞ፣ ሰሃራ መሃል። ሰሃራ እርጥብ በነበረ ጊዜ የገቡ ናቸው፤ ውሃው ሲሸሽ እነሱ ቀሩ።

አውስትራሊያ ያለው እሾሃም እንሽላሊት አፉን ውሃ ውስጥ ሳይነክር ይጠጣል። እርጥብ አሸዋ ላይ ሲቆም ውሃው በቆዳው ላይ ባሉ ቀጫጭን ቦዮች እየተሳበ አፉ ድረስ ይሄዳል። ናሚቢያ ውስጥ ደረቅ ወንዝ ይዘው የሚጓዙት «የበረሃ ዝሆኖች» ደግሞ የተለየ ዝርያ ይመስሉናል። አይደሉም። በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተከለለው የባቢሌ መጠለያ ውስጥ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ መሃል የሚመላለሱት ዝሆኖችም የዚያው ዝርያ ናቸው። የናሚቢያዎቹ አሸዋ ቆፍረው ውሃ ማውጣትንና ረጅም መንገድ መሄድን የለመዱ መሆናቸው ነው ልዩነቱ።

ሳላን አዋሽ ፓርክ ስናልፍ እናያለን፣ ዕድል ከቀናን። ቀንደ ጎራዴው የሰሃራ ሳላ ግን በ2000 (እ.ኤ.አ.) ከዱር ጠፍቷል ተባለ። በ2016 በሰው እጅ ከተዋለዱት ወደ ቻድ ተመልሰው ተለቀቁ፤ አሁን እዚያ ይወልዳሉ።

አህያም አለች። የዓለም አህያ ሁሉ የዘር ግንዱ የአፍሪካ የዱር አህያ ነው። እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ መስመር አለው። ዛሬ አፋር በረሃና ኤርትራ ውስጥ የቀረው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው፤ ሊጠፋ አፋፍ ላይ ነው። አውስትራሊያ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጭነት ያስመጣቻቸውን አህዮችና ግመሎች መኪናና ባቡር ሲመጣ ሜዳ ላይ ለቀቀቻቸው። በዙ። ውሃና ግጦሽ ስለጨረሱባት አሁን ከሄሊኮፕተር እየተኮሰች ቁጥራቸውን ትቀንሳለች።