«ታዲያ እንዴት አወቀው?»፦ ስለ ልዩ ኃይል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐሳብ አነባለሁ፣ የሚመጣውን አያለሁ፣ ከሞቱት ጋር እነጋገራለሁ የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አሉ። አማኝም አጥተው አያውቁም። እነሱን የሚያምን ሁሉ ሞኝ ነው ብዬ አላስብም። አብዛኛው ሰው የሚያምነው ያየውን ነገር በሌላ መንገድ ማስረዳት ስለሚቸግረው ነው። «ታዲያ እንዴት አወቀው?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኃይል ባይኖረው ስለ እኔ ያን ሁሉ ከየት ያመጣል?»

በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ መመዘኛ ሰጣቸው። ቆየት ብሎ ለእያንዳንዳቸው «ያንተ ውጤት ይኸውልህ» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡም ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ተማሪዎቹ በጣም ተገርመው ነበር። ለካስ ሁሉም የደረሳቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ፎረር የቀዳው ደግሞ ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ከውጭ ስትታይ የተረጋጋህ ነህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል፤ ያልተጠቀምክበት ብዙ ችሎታ አለህ፤ በዚህ መልክ የተጻፈ ነገር ነው። ይህ የማይመለከተው ማን አለ?

ይህ መነሻው ብቻ ነው። ጠንቋዩ ወይም «ሙታን ሳቢው» ቀጥሎ የሚያደርገው እናንተኑ ማናገር ነው። «አንድ ትልቅ ሰው አጥተሃል… አባት ይሁን እንደ አባት ያለ… ደረቱ አካባቢ የሆነ ነገር ይሰማኛል» ይላል። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ዘመድ አጥቷል። ደረት ሲል ልብም ሳንባም አለ፤ ከዚያ የራቀ ሞት ብዙ የለም። ፊታችሁ ከተለወጠ በዚያው ይገፋበታል። ካልተለወጠ «ገና አልገባህም፣ ቤት ስትገባ ቤተሰብ ጠይቅ» ብሎ ያልፈዋል። ስም ሲጠራም ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊደል ጀምሮ ቀሪውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ስትወጡ የምታስታውሱት የገጠመውን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ንግግሩን በስልካችሁ ቅዱት። በኋላ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ስሙን መጀመሪያ የጠራው ማን ነው? ስንት ግምት ከሸፈ? ይህን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነገር ከሚያስታውሰው ጋር አይገናኝም።

አስቀድሞ መረጃ የሚሰበስብም አለ። ፒተር ፖፖፍ የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ በጉባኤ መሀል የማያውቃቸውን ሰዎች በስም እየጠራ በሽታቸውንና አድራሻቸውን ይናገር ነበር። ከላይ ተገለጸልኝ ይል ነበር። በ1986 ምትሃተኛው ጄምስ ራንዲ (በመድረክ ላይ በእጅ ፍጥነትና በዘዴ ሕዝብ የሚያዝናና፣ ልዩ ኃይል አለኝ የማይል ባለሙያ ነው) እና ረዳቶቹ የሬዲዮ መቀበያ ይዘው ገቡ። በ39.17 ሜጋኸርዝ የሰሙት የፖፖፍን ሚስት ድምፅ ነው። ሕዝቡ ከጉባኤው በፊት የሞላውን የጸሎት ካርድ እያነበበች ባሏ ጆሮ ውስጥ ወዳለው ትንሽ ማዳመጫ ትልክ ነበር። ቅጂው በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በ1987 ፖፖፍ ኪሳራ አወጀ። ዛሬ ደግሞ ካርድ ማስሞላትም አያስፈልግም። ለቅሷችንን፣ ሠርጋችንን፣ የልጆቻችንን ስም ራሳችን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን።

«ሳይንቲስቶችም መርምረው አምነዋል»

አዎ፣ ያመኑ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ግን ሳይንቲስት ለዚህ ሥራ የተሻለ ዓይን አለው ማለት አይደለም። የሚመረምረው ተፈጥሮን ነው፤ ተፈጥሮ ደግሞ አታጭበረብርም።

በ1979 በሴንት ሉዊስ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ልዩ ኃይልን የሚያጠና ቤተ ሙከራ እንዲከፍት 500,000 ዶላር ተሰጠው። በሐሳባቸው ብረት የሚያጣምሙ ሁለት ወጣቶች ተገኙ ተባለ። ወጣቶቹ የራንዲ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ምትሃት ነው። ማንኪያዎቹ እንዳይቀያየሩ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሮ ነበር። ልጆቹ ማንኪያውን ትተው ወረቀቱን አቀያየሩት። ከዚያ በፊት ቀና የነበረ ማንኪያ «ተጣሞ ተገኘ»። ራንዲ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባ ዘርዝሮ አስቀድሞ ለቤተ ሙከራው ጽፎ ነበር። ልጆቹንም «ታታልላላችሁ ወይ ብሎ በቀጥታ የጠየቃችሁ ካለ እውነቱን ንገሩት» ብሏቸዋል። የጠየቀ አልነበረም። ራንዲ ነገሩን ይፋ ያደረገው በ1983 ነው። እነዚያን ተመራማሪዎች መናቅ ልክ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሙከራ ሲደረግ ግን አንድ ምትሃተኛ አብሮ ይቀመጥ።

በኋላም በ2011 ዳሪል ቤም የተባለ የታወቀ ሳይኮሎጂስት፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ዘጠኝ ሙከራዎች፣ ሰው ገና ያልሆነውን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል የሚል ጽሑፍ በትልቅ መጽሔት አሳተመ። ሌሎች ሲደግሙት አልተገኘም። አንድ ውጤት የሚታመነው ሌላው ሰው ሲደግመው የሚወጣ ከሆነ ነው።

«ሲአይኤ ራሱ ይጠቀምበት ነበር»

ሞክሯል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 1995 ድረስ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ሩቅ ያለን ነገር በሐሳብ «ያያሉ» የተባሉ ሰዎችን ቀጥረው ነበር። ፕሮግራሙ ስሙ ሲቀያየር ቆይቶ በመጨረሻ ስታርጌት ተባለ፤ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በ1995 በውጭ ገምጋሚዎች ሲመዘን ለአንድም የስለላ ሥራ መሪ የሆነ መረጃ እንዳልሰጠ ታየ። ተዘጋ። የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የትኛው የስለላ ድርጅት ይዘጋዋል?

«ህልሜ እኮ ደረሰ»

አንድ ህልም በማግስቱ ከሚሆነው ነገር ጋር በአጋጣሚ የመግጠሙ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ነው እንበል። እጅግ ትንሽ ነው። በዓለም ላይ ግን 8 ቢሊዮን ሰው አለ። ስለዚህ በየሌሊቱ 8,000 ሰው እንዲህ ያለ ህልም ያያል ማለት ነው። ህልሙ የደረሰለት ሰው ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። ያልደረሰለት በነጋታው ረስቶታል።

በትንቢትም እንደዚሁ ነው። ጂን ዲክሰን የተባለች አሜሪካዊት በ1956 አንድ መጽሔት ላይ፣ የ1960ውን ምርጫ ዴሞክራት ያሸንፋል፣ በሥልጣን ላይ እያለም ይሞታል ብላ ነበር። በዚያ ምርጫ ያሸነፈው ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደል ስሟ ገነነ። በ1960 ግን እሷው ራሷ የኬኔዲ ተፎካካሪ ኒክሰን ያሸንፋል ብላ ነበር። ሦስተኛው የዓለም ጦርነት በ1958 ይጀምራል ብላለች። ጨረቃ ላይ ቀድመው የሚደርሱት ሩሲያውያን ናቸውም ብላለች። እነዚህን የሚያነሳላት የለም።

«እሱ ገንዘብ አይቀበልም፤ ለምን ብሎ ይዋሻል?»

ብዙዎቹ አይዋሹም። እኔ ከሁሉ በላይ መታወቅ አለበት የምለው ይህ ነው። ቅን ሰው ራሱን ሊያታልል ይችላል።

በ1850ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛው ይዞር ነበር። መናፍስት ናቸው ተባለ። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፋራዳይ በ1853 አንድ ቀላል ነገር አደረገ። በእጃቸውና በጠረጴዛው መካከል በለስላሳ ማጣበቂያ የተያያዙ ካርቶኖችን ደራረበ። ጠረጴዛው እጃቸውን የሚጎትት ከሆነ መጀመሪያ የሚንሸራተተው የታችኛው ካርቶን ነው። የሚገፉት እነሱ ከሆኑ ደግሞ የላይኛው። የተንሸራተተው የላይኛው ሆነ። ሰዎቹ ሳያውቁት ይገፉ ነበር። የእጃቸውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ጠቋሚ ፊት ለፊታቸው ሲደረግ ደግሞ ጠረጴዛው መዞሩን አቆመ።

በእንጨት ወይም በሽቦ የከርሰ ምድር ውሃ እናገኛለን የሚሉትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። እጅ በጥቂቱ ያዘነብላል፣ ሽቦው ይዞራል፣ ሰውየው ሌላ ኃይል ያዞረው ይመስለዋል። ውሃው የት እንዳለ ማንም በማያውቅበት ሁኔታ ሲፈተኑ ግምታቸው ከዕድል አይበልጥም።

ይህ ጉዳይ የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ኤዲኢ 651 የሚባል «የቦምብ መፈለጊያ» ነበር። እጀታ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚዞር አንቴና ማለት ነው፤ ባትሪ እንኳ የለውም። የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል ተብሎ ከ20 ዶላር በታች ከሚሸጥ መጫወቻ የተቀዳ ነው። ኢራቅ በውድ ዋጋ ገዝታው ባግዳድ ኬላዎች ላይ አሰማራችው። ወታደሩ አንቴናው ሲዞር ያያል፣ ያምናል። ቦምብ የጫነ መኪና ግን ያልፋል። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 እንግሊዝ ውስጥ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሻጩ አታላይ ነበር፤ መሣሪያውን የያዘው ወታደር ግን የሚያምን ሰው ነው። አንቴናውን የሚያዞረው የራሱ እጅ ነበር።

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ»

ያያችሁትን አልክድም። ምንነቱ ላይ ነው የምንለያየው። ሌሊት ነቅታችሁ መንቀሳቀስ አቅቷችሁ፣ ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ተጭኗችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው እንዳለ ተሰምቷችሁ ከሆነ፣ ዱካክ የምንለው እሱ ነው። በህልም እንቅልፍ ጊዜ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያጠፋል፤ እንዳንወራጭ ነው። አንዳንዴ ጡንቻው ሳይመለስ እንነቃለን፣ ህልሙም ይቀጥላል። እንቅልፍ ሲያጥርና በጀርባ ሲተኛ ይብሳል።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ አደገኛ ስለሆነ ላንሳው። በ1921 አንድ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ቤት ገባ። የእግር ኮቴ ይሰማሉ፣ የማያውቁት ሰው ያያሉ፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ልጆቹ ገረጡ፣ አትክልቱም ደረቀ። ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ቤት ይለቅ ነበር። ምድጃው ሲጠገን መንፈሱም ጠፋ። ከእንዲህ ያለ ምድጃ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከራስ ምታት ጋር ከመጣ መጀመሪያ መስኮት ክፈቱና ውጡ።

«ቢያንስ ማንንም አይጎዳም»

በ2004 ሲልቪያ ብራውን የተባለች ታዋቂ «ባለ ራእይ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርባ፣ ልጇ ለጠፋችባት እናት ልጅሽ በሕይወት የለችም አለቻት። እናቲቱ በ2006 ሞተች። ልጂቱ በ2013 ከታገተችበት ቤት አምልጣ ወጣች። በሕይወት ነበረች። ይህን ሳስብ ሁሌም ያናድደኛል። ያዘነ ሰው ተስፋውን አምኖ የሚሰጠው ለሚያከብረው ሰው ነው።

«ተጠራጣሪ ምን ቢያሳዩት አይቀበልም»

ራንዲ በ1964 ልዩ ኃይሉን በፈተና ለሚያሳይ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ሽልማቱ እያደገ ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ እስከ 2015 ቆየ። የፈተናው ደንብ አስቀድሞ በሁለቱ ወገን ስምምነት ይጻፍ ነበር። ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገረው ተፈታኙ ራሱ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አመለከተ። የመጀመሪያውን ማጣሪያ እንኳ ያለፈ የለም። የሚያምነኝ ሰው ፊት ብቻ ነው የሚሠራልኝ የሚል ሰው ካለ ደንቡ ላይ ያንን ማስጻፍ ይችል ነበር።

ኃይል እንዳለው ከልቡ የሚያምን ወዳጅ ካላችሁ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። 20 ፖስታ አዘጋጁ። አንድ ሰው ሳንቲም እየጣለ ቀይ ወይም ጥቁር ካርድ ይክተትባቸው፣ ያሽጋቸው፣ ከዚያ ክፍሉን ለቅቆ ይውጣ፤ ፊቱ እንዳይነበብ ነው። ወዳጃችሁ የሃያውንም መልስ ከጻፈ በኋላ ብቻ ይከፈቱ። በዕድል 10 ገደማ ያገኛል። 15ና ከዚያ በላይ ማግኘት በዕድል ብቻ ከ100 ሁለት ጊዜ ያጋጥማል። 18ና ከዚያ በላይ ግን ከ5,000 አንዴ ገደማ ነው። ስንት ሲያገኝ አለፈ እንደሚባል ሳትጀምሩ ተስማሙ፣ ጻፉትም። 18 ካገኘ በአዲስ ፖስታና በሌላ ሰው ይደገም። ሁለተኛም ካገኘ እኔም መጥቼ ማየት እፈልጋለሁ።